ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ፤ ከግሼን አምባ እስከ ደብረ ብርሃን

ከመካከላችን አምባሰልን በቅኝቱ የማያውቅ የለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል እየተባለ በክራርና በመሰንቆ ሲመታ እየሰማን ስላደግን፣ አምባሰል የዜማ ስም ብቻ ሳይሆን የአገር ስም መሆኑን የሚዘነጋም አይጠፋም። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ ከዚያም አልፎ ሲሄድ ውጫሌ ይደርሳል፤ ይህችም በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት ለሁላችንም የታወቀች ናት። በዚያ አካባቢ የተደረደሩት ገደላማ ተራሮች አምባሰል ናቸው። ከእነዚህም መካከል ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ግሼን የሚባል አምባ አለ። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ለግሼን ማርያም ንግሥ የሚጎርፉበት ይህ አምባ፣ በቀድሞ ዘመን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት ልጆች ተዘግቶባቸው የሚጠበቁበት ወኅኒ ነበረ።

ዛሬ ታሪካቸውን ልንጽፍ ያሰብነው ሰው በዚህ አምባ እስረኛ ሆነው ኖረው፣ ከዚያ ወርደው 34 ዓመት የነገሡት ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። (ሐተታ በተባለው መጽሐፍ የሚታወቀውን ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብን ከንጉሡ ጋር የሚያምታቱ ተማሪዎች አሉ፤ እርሱ ሌላ ነው፤ የሚነገርለትም ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወዲህ ነው።) እኚህን ንጉሥ የመረጥንበት ምክንያት አለን። መንግሥት አደጋ ፈራሁ ብሎ የሰውን ደብዳቤ ሊከፍት፣ የሰውን ንግግር ሊያዳምጥ፣ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ዘበኛ ሊያደርግ እስከ ምን ድረስ ይገባዋል የሚለው ክርክር በመኝታ ክፍላችንም በምግብ አዳራሹም በተነሣ ቍጥር፣ ጕዳዩ ከስልክና ከኮምፒዩተር ጋር ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እኛው አገር፣ ያለ ስልክና ያለ ሽቦ፣ በመነኵሴና በጦረኛ፣ በብራናና በጅራፍ ተሠርቶበታል።

የአምባውን ሥርዓት አስቀድመን ካልገለጽን የንጉሡን ጠባይ መረዳት ያስቸግራል። ዓፄ ይኵኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ገደማ መንግሥቱን ከዛጔ ወስደው ከነገሡ በኋላ፣ ልጃቸው ዓፄ ይግባ ጽዮን ሲሞቱ በዙፋኑ ጕዳይ ጠብ ተነሣ፤ በአምስት ዓመት ውስጥም ንጉሥ በንጉሥ ላይ ተተካ። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት፣ ከነገሠው ሰው በቀር የንጉሥ ዘር የሆነውን ወንድ ሁሉ ወደ አምባ አውጥቶ ማስቀመጥ ሆነ። በዚያው በ15ኛው ምእት ዓመት ቍስጥንጥንያን የያዘው ሱልጣን መሐመድ 2ኛ፣ የነገሠ ሰው ወንድሞቹን እንዲያስገድል በሕግ ፈቅዶ ነበርና፣ የእኛዎቹ ነገሥታት ቢያንስ ነፍስ ይምሩ ነበር ማለት ይቻላል። እስራኤላውያን ተብለው የሚጠሩት እነዚህ መሳፍንት በአምባው ላይ ሚስት ያገባሉ፤ ልጅ ይወልዳሉ፤ መጽሐፍ ያነባሉ፤ ዜማና ቅኔም ይማራሉ። ያልተፈቀደላቸው መውረድና ከውጭው ዓለም ጋር መነጋገር ብቻ ነው። መልእክት መላክ ወንጀል ነበረ፤ መልእክት መቀበልም ወንጀል ነበረ። የአምባሰል ገዥዎች እስከ ትናንትናው ዘመን ይጠሩበት የነበረው ጃንጥራር የሚለው ማዕርግ መሠረቱ ይኸው የአምባው ጥበቃ ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ሆኖ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ያለ ፈቃድ ወደ አምባው የቀረበ ሰው እጅና እግሩ ይቈረጥ፣ ዓይኑም ይወጣ ነበር። እርሱና ጓደኞቹም ራሳቸው ሳያውቁ ወደዚያው ወሰን በመጠጋታቸው የአካባቢው ሰው በድንጋይ ወግሮ አባርሯቸዋል። እንግዲህ ጥበቃው የወታደር ሥራ ብቻ አልነበረም፤ በተራራው ግርጌ የሚኖረው ባላገር ሁሉ የጥበቃው አካል ሆኖ ነበር።

ዘርዐ ያዕቆብ የዓፄ ዳዊትና የእቴጌ እግዚእ ክብራ ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር፣ ጥልቅ በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩና፣ እናታቸው ለሕይወታቸው ሠግተው ወደ ትግሬ እንደ ላኳቸው፣ በአክሱምና በሽሬው ደብረ ዓባይ ገዳምም የንጉሥ ልጅነታቸው ሳይታወቅ እንደ ማንኛውም ደቀ መዝሙር ሆነው ትምህርት እንደ ተማሩ ይነገራል። ይህ ከሆነ፣ የልጅነታቸው የመጀመሪያ ትምህርት ማንነትን መደበቅ ነበረ ማለት ነው። በመጨረሻም ተይዘው ወደ ግሼን ወጡ።

በአምባው ላይ ሳሉ በታች የሚሆነውን በወሬ ሳይሰሙት አልቀሩም። ዓፄ ይስሐቅ በ1422 ዓ.ም. ገደማ ከሞቱ በኋላ፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት በተራ ነግሠው አለፉ። አንዳንዱ ዙፋኑን ሳያሞቀው ሞተ። ንጉሥ በሞተ ቍጥር የቤተ መንግሥቱ ሹማምንትና የጦሩ አለቆች ተማክረው ለራሳቸው የሚመቻቸውን ልጅ ያነግሡ ነበር። በ1426 ዓ.ም. ተራው ለዘርዐ ያዕቆብ ደረሰ። እስረኛ ሳሉ በቀጥታ ወደ ዙፋን መወሰዳቸውን እርሳቸውም በኋላ በጻፉት መጽሐፍ አልሸሸጉትም። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 35 ገደማ ነበረ። እስቲ ይህን አንድ ጊዜ እናስበው። ለብዙ ዓመት ማን ይመጣብኛል፣ ማን ያሳብቅብኛል ሲል የኖረ ሰው፣ በአንድ ቀን ጠባቂዎቹ ሁሉ እግሩ ሥር ወድቀው ይሰግዱለታል። ያነገሡት ሰዎች ግን ትናንት ሌላውን ያነገሡና ሌላውን የጣሉ እነዚያው ናቸው።

የዓፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሥራ ያለ አድልዎ ለሚመዝን ሰው፣ ከመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። ሥርዓተ ንግሣቸውን በአክሱም አስፈጽመው የመንግሥት ስማቸውን ቈስጠንጢኖስ አሰኙ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም. በደዋሮ ጎሚት በተባለ ስፍራ የአዳልን ሱልጣን በድላይን ተዋግተው ድል አደረጉ፤ ሱልጣኑም በጦርነቱ ሞተ። ግብፅ ውስጥ የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን በሰሙ ጊዜ፣ ወደ ካይሮው ሱልጣን ጃቅማቅ የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ፤ በስሙም በተጕለት ሌላ ደብረ ምጥማቅ አሠሩ። በ1442 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ በተደረገው ጉባኤ፣ በሰንበት አከባበር ምክንያት ለመቶ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያንን ሲከፍል የኖረውን የኤዎስጣቴዎስን ወገን ክርክር ጨረሱት። ከዚህም ሁሉ በላይ ደራሲ ናቸው። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድ፣ ጦማረ ትስብእት የተባሉት መጻሕፍት የእርሳቸው ናቸው። የሰው ልጅ ንጉሥ ሆኖ፣ ጦር መርቶ፣ ደግሞም ይህን ያህል ብራና መሙላቱ ያስደንቃል።

ነገር ግን ስለ ድሉና ስለ መጽሐፉ በትምህርት ቤት በቂ ተነግሮናል። እኛ የምንፈልገው ሌላውን ገጽ ነው።

ንጉሡ ሁለት ዓይነት ጠላት ነበረባቸው። አንደኛው የሚታይ ነው፤ አዳል፣ የሐድያው ገዥ ማሒኮ፣ በየአውራጃው የሚሸፍተው ሹም። ይህን በጦር አሸነፉት። ሁለተኛው ግን የማይታይ ነበረ። በሕዝቡ ውስጥ በስውር ለጣዖት የሚሠዋ፣ ደስክና ዲኖ ለተባሉት አጋንንት የሚሰግድ፣ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ፣ በንጉሡም ላይ መተት የሚያደርግ ሰው አለ ብለው አመኑ። አምልኮው ፈጽሞ አልነበረም አንልም፤ ክርስትና ገና ሥር ባልሰደደባቸው ብዙ ስፍራዎች የቀድሞው እምነት ሕያው ነበረና። የእኛ ጥያቄ የፍርሃቱ መጠን ምን ያህል ከእውነቱ ይበልጥ ነበር የሚል ነው። በዚያው ዘመን በአውሮፓ፣ በስዊስና በፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ፣ ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ ሰዎች በእሳት መቃጠል መጀመራቸውን ብናስታውስ፣ በሽታው የእኛ ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን።

ንጉሡ ያወጡትን ዐዋጅ ዜና መዋዕላቸው በዝርዝር ይናገራል። ክርስቲያን የሆነ ሁሉ በግንባሩ የሥላሴ መሆኑን የሚገልጽ፣ በቀኝ እጁ ዲያብሎስን መካዱን የሚገልጽ፣ በግራ እጁም ደስክን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያስር ታዘዘ። ያላሰረ ቤቱ ተወረሰ፤ እርሱም ተቀጣ። በልብሱ፣ በጦሩ፣ በማረሻው ሳይቀር የመስቀል ምልክት እንዲያደርግም ተነገረ። ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሃይማኖት እንዲማር፣ የማያስተምር ካህንና ይህን ቸል የሚል ሹምም ንብረቱ እንዲዘረፍ ሆነ። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ በውጭ ሲያዩት የስብከት ሥራ ይመስላል። በውስጡ ግን ሌላ ነገር አለ። በልብ ያለ እምነት ለዘበኛ ዓይን በሚታይ ምልክት እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ ገበያ የሚሄድ ሰው ግንባሩን ሳያሳይ አያልፍም፤ አራሹም በገዛ ማረሻው ይመረመራል።

ምልክቱ ግን አልበቃም። ምልክት የሚያስር ሰው በልቡ ይክድ ይሆናልና፣ የልቡን የሚያወጣ አሳባቂ አስፈለገ። ከእነዚህም መካከል ዘርዐ ጽዮን፣ ተዐውቀ ብርሃንና ገብረ ክርስቶስ የተባሉት ሦስቱ ስማቸው ከነክፋታቸው በዜና መዋዕሉ ተጽፎ ቀርቷል። እገሌ ለደስክ ሰግዷል ብለው ሲያመለክቱ ተከሳሹ ይያዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሞታል። የደብረ ሊባኖሱ አባት አባ እንድርያስ እንኳ በዘርዐ ጽዮን ክስ ታስረው በእስር ቤት ሞቱ። ሰው ከጎረቤቱ ጋር የተጣላበትን የመሬት ነገር በደስክ ስም ማውጣቱ አይቀርም ነበር ብለን ብንገምት ስሕተት አይመስለንም፤ ክስ ርካሽ ሲሆን ቂም ያለው ሁሉ ይገዛዋልና። በመጨረሻ ንጉሡ የእነዚህን ሰዎች ሐሰት ተረድተው ቀጧቸው። ዘርዐ ጽዮን ተግዞ በሞተ ጊዜ፣ አባ እንድርያስ በእሳት ጦር ሲወጉት እያየ ይጮኽ እንደ ነበር ጸሓፊው ይተርካል። ተከሰው የሞቱትን ግን የመለሰ የለም።

እዚህ ላይ ከዘመናችን ጋር ማስተያየት ግድ ይሆንብናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቍጥር 652፣ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ከፍርድ ቤት ፈቃድ እየወሰደ የተጠርጣሪን ስልክና መልእክት እንዲጠልፍ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ደግሞም የሽብር ድርጊት መኖሩን እያወቀ ያልተናገረን ሰው በብዙ ዓመት እስራት የሚቀጣ አንቀጽ ነበረው። ዐዋጁ በ2012 ዓ.ም. በቍጥር 1176 ተተክቷል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰው ግላዊ ሕይወት፣ በፖስታ የሚልከውና በስልክ የሚናገረው ሁሉ እንዳይደፈር ይደነግጋል። በሕግ ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን የእነዚህን ሁለት ሕጎች ጠብ ከእኛ ይልቅ አሳምረው ያስረዳሉ፤ እኛ ለመጠቆም የፈለግነው፣ አውቆ ዝም ያለ ሰው እንደ በደለኛ የሚቈጠርበት ሥርዓት በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማ የታወቀ መሆኑን ብቻ ነው። ሽብር የሚባል ነገር የለም አላልንም፤ በዚያን ጊዜም ጠላት አልነበረም አላልንም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ክሱ ከባላገሩ ተነሥቶ ወደ ሹማምንቱ፣ ከሹማምንቱም ወደ ንጉሡ ቤት ገባ። ገላውዴዎስ፣ ዐምደ ማርያም፣ ዘርዐ አብርሃምና በትረ ጽዮን የተባሉት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ከሴቶቹም ድል ሰምራ፣ ሮም ገነየላና አደል መንገሻ፣ ለደስክና ለዲኖ ሰግዳችኋል ተብለው ተከሰሱ። ንጉሡ በብርቱ አስገረፏቸው፤ ከመካከላቸውም በግርፋቱ የሞቱ ነበሩ። ከዚያም የከተማውን ሕዝብ ሰብስበው፣ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ እንዳልራሩ፣ ይህንም ያደረጉት ለእግዚአብሔር ቀንተው መሆኑን አስታወቁ፤ ቍስላቸውንም አሳዩ። ሕዝቡ አለቀሰ። የሕዝቡ ልቅሶ ለልጆቹ ይሁን ለራሱ ዜና መዋዕሉ አይለይም።

በሹመትም ነገር እንዲሁ ማንንም ማመን አልቻሉም። ከጥንት ጀምሮ የንጉሡ ቀኝና ግራ እጅ የነበሩትን ሁለቱን ቢትወደዶች ሽረው፣ በቦታቸው ሴቶች ልጆቻቸውን መድኅን ዘመዳንና ብርሃን ዘመዳን አስቀመጡ፤ አውራጃዎችንም ለሴት ልጆቻቸውና ለቤተ ዘመዶቻቸው ከፋፈሉ። (በ15ኛው ምእት ዓመት ሴቶች አውራጃ ሲገዙ መኖራቸው ለእኅቶቻችን የደስታ ወሬ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሴትን ከማክበር ይልቅ ወንድን ከመፍራት የመጣ ይመስለናል።) ቈይቶም ይህን አፍርሰው ሁሉን ከእጃቸው ሥር አደረጉት።

ወደ ንጉሡ ፊት መግባት የሚችለው ሰው እያነሰ ሄደ። በዚህ ጊዜ ነው ሐይቅ ወደ ታሪኩ የምትገባው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት በትምህርት ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ማዕርግ ነበረው፤ የንጉሡን የጸሎትና የሥራ ሰዓት የሚጠብቅ ማለት ነው። የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው የንጉሡን በር መጠበቁ አይቀርም። በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓቱ ዐምኃ ኢየሱስ፣ ከጥቂት ብላቴኖች ጋር የንጉሡን ፊት የሚያይ የታመነ ሰው ሆነ። ሌላው መኰንን ሁሉ ጕዳዩን በእርሱ በኩል ያቀርብ ነበር። በሐይቅ ዳርቻ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው የማያውቀው ይህ ገዳም፣ በአንድ አባት በኩል የመንግሥቱን ጆሮ ይዞ ነበር።

የማይታየው ጠላት በተለይ በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ በረታ። አባ እስጢፋኖስ ከትግሬ የተነሡ፣ ለሥላሴ ካልሆነ በቀር ለማንም መስገድ አይገባም የሚሉ መነኵሴ ነበሩ። ለንጉሡም፣ ለመስቀልና ለማርያም ሥዕልም አልሰግድም አሉ። እርሳቸው በእስር ሞቱ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ተሳደዱ። የእነርሱን ወገን ታሪክ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው አሳትመውልናልና፣ የንጉሡን ጸሓፊ ብቻ አንብቦ ለመፍረድ ዛሬ ምክንያት የለንም። ከእነዚህ መነኰሳት አንዳንዶቹ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ከተቈረጠ በኋላ በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በዚያው ስፍራ ብርሃን ከሰማይ ታየ። ንጉሡ ይህን እግዚአብሔር በፍርዳቸው መደሰቱን የሚያስታውቅ ምልክት አድርገው ቈጠሩት፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። ዛሬ አውቶቡሳችን ለምሳ የሚያቆምባት ከተማ ስሟን ያገኘችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማ ለከተማ ሲዞሩ የኖሩት ንጉሥ በደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠርተው የቀረውን ዘመናቸውን በአንድ ስፍራ ኖሩ። ቤተ መንግሥቱ በአጥር ላይ አጥር ተደርጎበት፣ በየበሩ ጠባቂ ቆመበት። መተተኞች በሃይማኖታቸው ቀንተው ሊጎዷቸው ይፈልጋሉ ብለው ስላመኑ፣ ካህናት ከማታ ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ መዝሙር እየዘመሩ በአዳራሹ ውስጥ ጠበል ይረጩ ነበር። ከአምባ የወረዱት ሰው በገዛ እጃቸው ሌላ አምባ ሠርተው ገቡበት ብንል የተጋነነ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የንግሥት ጽዮን ሞገሳ ነገር ነው። እኚህ ሴት ከንጉሡ በእደ ማርያም የተባለ ልጅ ወልደው ነበር። በ1454 ዓ.ም. ገደማ፣ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ልጃቸውን ለማንገሥ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር ተማክረዋል ተብለው ተከሰሱ። ንጉሡ አስገረፏቸው፤ በዚያው ሕመም ሞቱ፤ በደብረ ብርሃን አጠገብ በመቅደሰ ማርያምም በስውር ተቀበሩ።

ልጅየው ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቢሆናቸው ነው። የእናታቸውን ሞት በይፋ የነገራቸው አልነበረም፤ ማልቀስም አልተፈቀደም። ነገር ግን ዕጣንና ጧፍ ይዘው ለእናታቸው መታሰቢያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰጡ። ይህም ለንጉሡ ተነገረ። ማን እንደ ነገራቸው አልተጻፈም፤ በዚያ ከተማ የሚያይ ዓይን አይጠፋም ነበርና ማወቁም አያስፈልግም። ንጉሡ ልጃቸውን አስጠርተው፣ እናትህ መሞቷን ከማን ሰማህ፣ ዕጣኑንስ ስለ ምን ሰጠህ ብለው መረመሯቸው። መልሱ ስላላጠገባቸው ልጁን ከአገልጋያቸው ጋር አሰሯቸው። እንግዲህ የሕዝብ መንፈስ የሚያናውጥ አደጋ ተብሎ የተቈጠረው፣ አንድ ልጅ ለሞተች እናቱ ያበራው ጧፍ ነበረ። የደብረ ሊባኖስ መነኰሳትና ሌሎች አባቶች መጥተው ስለ ማለዷቸው በመጨረሻ ፈቷቸው፤ ታረቋቸውም፤ ወራሻቸውም አደረጓቸው።

ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በጣና ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር ይታያል። ለግሼን ግን ያተረፉላት አንድ ነገር አለ፤ የጌታ መስቀል ቍራጭ በእርሳቸው ዘመን ወደ አምባው መግባቱን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ለመስከረም 21 ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ የሚወጣውም ስለዚህ ነው። እርሳቸው ወጥተው እንዳይወርዱ በተጠበቁበት መንገድ ዛሬ የወደደ ሁሉ ይወጣል፤ የወደደም ይወርዳል።

ዓፄ በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ ያሠሩት የመጀመሪያ ሥራ የታሰሩትን ማስፈታትና የተጋዙትን መመለስ ነበረ። የቀድሞውን የሹመት ሥርዓት መለሱ፤ ቢትወደዶችም እንደ ገና ተሾሙ። እናት አጥተው ያደጉ ናቸውና፣ የሐድያዋን ንግሥት እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። ካህናቱ በሌሊት ጠበል መርጨታቸውን፣ ባላገሩም በግንባሩ ጽሑፍ ማሰሩን ማንም ሳይከለክለው ቀስ በቀስ ተወው። አንድ ነገር ግን እርሳቸውም አልነኩም፤ እርሱም የአምባው ጥበቃ ነው። የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1532 ዓ.ም. አምባውን ይዞ እስኪያጠፋው ድረስ ጠባቂዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም።

አልቫሬዝ በዓፄ ልብነ ድንግል ከተማ በነበረበት ጊዜ ያየውን እንዲህ ይተርካል። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል የሆነ አንድ መነኵሴ፣ ከእርሱም ጋር ሁለት መቶ የሚሆኑ የአምባው ጠባቂዎች ተይዘው መጡ። መነኵሴው ከመሳፍንቱ የተላከ ደብዳቤ ይዞ ተገኝቷል ተባለ። በየሁለት ቀኑ መነኵሴውን ይገርፉታል፤ ጠባቂዎቹንም ለሁለት ከፍለው በተራ በፊቱ ይገርፏቸዋል። ደብዳቤውን ማን እንደ ሰጠው፣ ለማን እንዳመጣው፣ ሌላ ደብዳቤ እንዳለው፣ የየትኛው ገዳም ሰው እንደ ሆነና የት እንደ መነኰሰ ይጠይቁታል። እርሱም ከአምባው ከወረደ 16 ዓመት እንደ ሆነው፣ ደብዳቤውን የተቀበለው በዚያን ጊዜ መሆኑን፣ ወደዚያ ተመልሶ አለመሄዱን፣ እስከ ዛሬም ለማንም ለመስጠት ፈርቶ ከራሱ ጋር ይዞት መኖሩን ይመልስላቸው ነበር።